ደረቱ ባይነሳስ?

ሕፃኑ ተርፏል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ታሪኩን የሰማ ሁሉ መሀል ላይ አስቁሞ «ሕፃኑስ?» ስለሚለኝ ነው። እኔ ራሴም ለአንድ ሳምንት ያህል ከዚህች ዓረፍተ ነገር ጀርባ ተደብቄ ስለከረምኩ፣ ከእንግዲህ መደበቂያ እንዳትሆነኝ ከፊት ላውጣት ብዬ ነው። ሕፃኑ ተርፏል፤ እናቱም ደህና ናት፤ በአራተኛው ቀን አቅፋው ወደ ቤቷ ሄዳለች። ያተረፍኩት ግን እኔ አይደለሁም።

የሕፃናት ሐኪም ነኝ። የሕክምና ተማሪዎችን ሳስተምር አስራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ የሕክምና ትምህርት ምርምር የሚባል ነገር ውስጥ ገባሁ። ማስተማርን ራሱን ማጥናት ነው፤ የትኛው አቀራረብ ተማሪው ጭንቅላት ውስጥ ይቀራል፣ የትኛው በአንዱ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል ብሎ በቁጥር ማሳየት። ባልደረቦቼ ይስቁብኝ ነበር። «ማስተማሩ አልበቃ ብሎህ ማስተማሩን ትመረምራለህ?» ይሉኛል። ለእነሱ የሚመረመረው በሽታ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ፤ አፋቸውን ላስይዝ ተነሳሁ። ተባባሪ ፕሮፌሰር የሚለውንም ማዕረግ ፈልጌ ነበር፤ ይህንንስ ለምን እደብቃለሁ።

ያጠናሁት ሳይተነፍስ የተወለደን ሕፃን እንዴት መርዳት እንደሚቻል የምናስተምርበትን መንገድ ነው። ፊቱ ላይ ጭምብል ገጥመን፣ ከጭምብሉ ጋር የተያያዘውን የአየር ፊኛ በእጃችን እየጨመቅን ትንፋሽ እንሰጠዋለን። ተማሪዎቹ መጀመሪያ የሚለማመዱት አሻንጉሊት ላይ ነው። ሠላሳ ሁለት ነበሩ። ስማቸውን ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፌ፣ ባዶ የጓንት ካርቶን ውስጥ ከትቼ፣ በዕጣ ለሁለት ከፈልኳቸው፤ አስራ ስድስቱ ቡድን ሀ፣ አስራ ስድስቱ ቡድን ለ።

ቡድን ሀ በአዲሱ ዘዴ ተማረ። አሳያቸዋለሁ፣ እያንዳንዱ እርምጃ ለምን እንደሚደረግ እነግራቸዋለሁ፣ እነሱ በቃል እየመሩኝ እኔ እሠራለሁ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ሠርቶ ይታረማል። ቡድን ለ እኛ ሁላችን ባለፍንበት በአሮጌው ዘዴ ተማረ፤ አስተማሪው አንድ ጊዜ ያሳያል፣ ተማሪው አንድ ጊዜ ይሞክራል፣ በቃ። ወዲያው ይፈተናሉ፤ ምን ያህሉ እንደቀረላቸው ለማየት ደግሞ ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ይፈተናሉ። ቡድን ለ በአዲሱ ዘዴ የሚማረው ከሁለተኛው ፈተና በኋላ ነው። ያኔ እንደማስተምራቸው ጥናቱን ለፈቀደልኝ የሥነ ምግባር ኮሚቴ በፊርማዬ ቃል ገብቻለሁ።

ባለቤቴ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ናት። እራት ላይ ዕቅዱን በኩራት ሳብራራላት ሹካዋን አስቀምጣ አየችኝ።

«እነዚያኞቹስ እስከዚያ ምን ይሆናሉ?» አለች።

«የትኞቹ?»

«ሁለተኞቹ።»

«ምንም አይሆኑም። ማወዳደሪያ ናቸው።»

«እኔ ግማሹን ክፍል ፊደል አስቆጥሬ ግማሹን ‹እናንተ ለሦስት ወር ማወዳደሪያ ናችሁ› ብል፣ ወላጅ በር ላይ ጠብቆ ነው ጉድ የሚያፈላብኝ።»

ሳቅሁ። ምርምር ለማይገባው ሰው ማስረዳት አድካሚ ነው ብዬ በሆዴ አጉረመረምኩ። አሁን ሳስበው እሷ በሁለት ዓረፍተ ነገር የደረሰችበት ቦታ ለመድረስ እኔን አስር ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ቡድን ለን ያስተማርኩ ዕለት ነገሩ እንዲህ ሆነ። አሳይቼ ጨርሻለሁ፤ ግድግዳው ላይ የሰቀልናት ካሜራ ትቀርጻለች፤ እኔ ሰዓቴን አያለሁ። አንዲት ተማሪ እጇን አነሳች። በየክፍሉ እጁ ከአየር ላይ የማይወርድ አንድ ሰው አይጠፋም፤ የዚህ ክፍል እሷ ነበረች። ጓደኞቿ «መርማሪዋ» ይሏታል።

«ዶክተር፣ ስንጨምቅ ደረቱ ባይነሳስ?» አለች።

በዚያ ክፍል ውስጥ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ሊጠየቅ አይችልም። ፊኛው ሲጨመቅ የሕፃኑ ደረት ካልተነሳ አየሩ አልገባም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አንገቱ ስለታጠፈ ብቻ ነው። ትከሻው ስር የታጠፈ ጨርቅ አድርጎ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ ጭምብሉን መልሶ መግጠም ነው። ይህን ለመመለስ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ግን ነገርዬው የፈተና ወረቀቴ ላይ ሰባተኛው ጥያቄ ነበር። የአሻንጉሊቱን አንገት አጥፈን እናስተኛዋለን፤ ተማሪው ምን እንደሚያደርግ እንመዘግባለን። ቡድን ሀ ተምሮታል። ለቡድን ለ አሁን ብመልስላቸው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይጠብባል። የጥናቱ ዕቅድ ጥያቄ አትመልስ አይልም፤ የትም ቦታ አይልም። አትመልስ ያልኩት እኔ ነኝ፣ እዚያው በቆምኩበት።

«እሱን በኋላ እናየዋለን» አልኳት።

እጇን አውርዳ ደብተሯ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። የመጀመሪያው ፈተና ውጤት ሲመጣ በሰባተኛው ጥያቄ ላይ ቡድን ሀ እና ቡድን ለ የሰማይና የምድር ያህል ተራራቁ። ያን ቀን መንገድ ላይ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ነበር ወደ ቤቴ የሄድኩት።

በስምንተኛው ሳምንት ተማሪዎቹ በየተራ ማዋለጃ ክፍል መግባት ጀመሩ። ፕሮግራሙን የሚያወጣው ሌላ ክፍል ነው፤ የእኔን ጥናት አያውቅም። እኔ ግን ፕሮግራሙ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ በየቀኑ አጠገቡ አልፋለሁ። አንድም ቀን ሁለቱን ነገር አላገናኘኋቸውም። ወይም አገናኝቻቸው «አራት ሳምንት ብቻ ነው የቀረው» ብያለሁ። የትኛው እንደሆነ ዛሬ በሐቀኝነት ማለት አልችልም፤ ይህም ራሱ ያሳፍረኛል።

በአስረኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ የአዋላጆቹ ኃላፊ ቢሮዬ መጡ። ሁላችንም «ሲስተር» ነው የምንላቸው። ሐኪሙን ሁሉ አንተ ይላሉ፤ ግማሾቻችንን እጃችንን ይዘው ነው ያሠሩን፣ ማን ቅር ይለዋል። ወንበሩን ሳብ አድርገው ቁጭ አሉና ጉልበታቸውን አሹ።

«ተማሪህ ዛሬ አስደነገጠችኝ» አሉ።

«ምን ሆነች?»

«ሕፃኑ ሳይተነፍስ ወጣ። እናትየው እየደማች ነው፤ ሁለቱም እጄ እዚያ ነው። ልጅቷ ጭምብሉን ገጠመች፣ ትጨምቃለች፣ ትጨምቃለች፣ ደረቱ ንቅንቅ አይልም። ቀና ብላ ታየኛለች። አንገቱን አስተካክይ እንጂ ብላት ግራ ገባት። በኋላ እናትየውን ለሌላዋ አስይዤ ሮጥኩ። ጨርቅ ትከሻው ስር፣ አገጩን ቀና፣ ይኸው ነው። በሁለተኛው ደረቱ ተነሳ። ትንሽ ቆይቶ አለቀሰ።»

«ተረፈ?»

«ተርፏል። ግን ይህን ያህል ቀላል ነገር እንዴት ሳታውቅ ወደ እኔ ትመጣለች? እናንተ እዚያ ማዶ ምንድን ነው የምታስተምሯቸው?»

«በመማር ላይ ናቸው» አልኩ። ከአፌ የወጣው ይኸው ነው። ሲስተር ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ።

በሩን ዘግተው ሲወጡ ትዝ ያለኝን ነገር ባልናገር ደስ ባለኝ። እኔም ተማሪ ሳለሁ እዚያው ክፍል ውስጥ አንድ ሕፃን ደረቱ እምቢ ብሎኝ ነበር። ያን ጊዜ ፀጉራቸው ጥቁር የነበረው ሲስተር ከኋላዬ መጥተው፣ እጄን ሳያስለቅቁኝ በሁለት ጣታቸው አገጩን ቀና አደረጉልኝ። «አየህ?» አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። መልሱን እኔ ያገኘሁት እንዲህ ነው፤ በነፃ፣ ሳልጠይቅ እንኳ።

ረቡዕ ጠዋት እንደ ወትሮው ያለፈው ቀን ሁኔታ የሚነገርበት ስብሰባ ነበረ። መሪው እኔ ነኝ። ተማሪዋ፣ ያችው መርማሪዋ፣ ፊት ወጥታ የሆነውን ተናገረች፤ ምንም አልደበቀችም። ወንበሮቹ ሁሉ ሞልተዋል። አንድ ባልደረባዬ ጉሮሮውን ሲያጸዳ ሰማሁ፤ «ይህን ማን ነው ያስተማራቸው?» ሊል እንደሆነ ገባኝ። ቀደምኩት።

«አልተማራችሁም እንዴ?» አልኳት።

ተመለከተችኝ።

«ተምረናል ዶክተር» አለች። «ደንግጬ ረሳሁት።»

እዚያ ላይ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደግ ነበር። አልዋጠችኝም። ይልቁንስ ጭንቅላቴን በአስተዋይነት ነቅንቄ፣ «በድንጋጤ ጊዜ የሚሠራው እጅ ነው፤ ስለዚህ እጃችሁን አስተምሩት» የሚል ምክር ሰጠሁ። አንዳንዶቹ ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት።

ሐሙስ ዕለት መምህራን ውጤታቸውን ለሚያቀርቡበት ለዓርቡ የጥናት ቀን ገለጻዬን አዘጋጅ ነበር። ከካሜራው ቅጂ አጭር ቁራጭ ላሳይ ብዬ የቡድን ለን ከፈትኩ። እጇ ሲነሳ አየሁ። ጥያቄዋን ሰማሁ። ከዚያ ፊቴን አየሁት። ሰዓት ስለጠበበኝ የዘለልኩት ይመስለኝ ነበር፤ ለሁለት ቀን ራሴን የነገርኩት ይህንን ነው። ፊልሙ ውስጥ ያለው ሰውዬ ግን አልቸኮለም። ጥያቄውን ሲሰማ ፈገግ ብሏል። ሰባተኛው ጥያቄ በራሱ እግር መጥቶ መልስ ሳያገኝ እንደሚቀር ሲያውቅ ደስ ብሎታል። ደግሜ አየሁት፤ አሁንም ፈገግ አለ። ኮምፒውተሩን ዘጋሁት።

እና ዓርብ ዕለት ምን አደረግሁ? ገለጻውን አቀረብኩ። በሙሉ ልብሴ፣ ክራባቴን አስሬ። ሰባተኛው ጥያቄ ያለበትን ምስል ሳሳይ አዳራሹ አጉተመተመ፤ የሁለቱ ቡድኖች ዘንጎች አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ሆነው ስክሪኑ ላይ ቆመዋል። «ልዩነቱ እጅግ ጉልህ ነው» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ዲኑ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ከአሁኑ ተባባሪ ፕሮፌሰር እያልን እንለማመድ እንዴ?» አለኝ። ሳቅሁ። አጭሩ ዘንግ ውስጥ ካሉት አንዷ ማክሰኞ ዕለት ደረቱ እምቢ ያለ ሕፃን ፊት እንደቆመች በዚያ አዳራሽ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ያን ቀን የበላሁት ምሳ ምን እንደነበረ አላስታውስም።

ሰኞ ጠዋት ተማሪዋ ቢሮዬ መጣች። በሩን ገርበብ አድርጋ ተወችው። ዓይኗ አብጧል። ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ወረቀት አስቀመጠች።

«የመልቀቂያ ቅጽ ነው። አማካሪዬ ስለሆኑ የእርስዎ ፊርማ ያስፈልጋል ተብዬ ነው።»

«ለምንድን ነው የምትለቂው?»

«እጄ አልታዘዝ አለኝ ዶክተር። ከማክሰኞ ወዲህ ጭምብሉን ሳየው ይንቀጠቀጣል። ሰው ሳይሞትብኝ ብተወው ይሻላል።»

«ቤተሰቦችሽ ያውቃሉ?»

«ለአባቴ ነግሬዋለሁ። ስልኩን ለእናቴ ሰጣት።»

እስክሪብቶ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበረ። እንዲህም ብሎ ነገር የለ፣ ግን እውነቱን ልናገር፤ ለአንድ አፍታ ብፈርምላትስ ብዬ አስቤአለሁ። ብትሄድ የሚያስታውሰው አይኖርም። ይህን ማሰቤ ከፈገግታዬ ይበልጥ አስጠላኝ፤ ያኔ ነው አፌ የተከፈተው።

«ስሚኝ» አልኳት። «ደንግጠሽ አልረሳሽውም። ሰው ያልተማረውን አይረሳም። ጠይቀሽኝ ነበር፤ አውቄ ነው ያልመለስኩልሽ። የፈተናው ሰባተኛ ጥያቄ ስለነበረ። ቁጥሬ እንዳይበላሽብኝ።»

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትጮህብኝ ይቀለኝ ነበር።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«አለማስተማርዎን። እኔ እኮ ነኝ የጠየቅሁት።» ከቦርሳዋ ደብተር አወጣችና ገልጣ ወደ እኔ አዞረችው። የዚያ ዕለት ቀን ተጽፎበታል። ከታች «ደረቱ ካልተነሳ፦ በኋላ» ይላል፤ ከሱ ቀጥሎ ሦስት መስመር ባዶ ትታለች። መልሱ ሲመጣ ልትጽፍበት።

«ታዲያ ረቡዕ ዕለት ለምን ተምረናል አልሽ?»

ጥያቄው እንግዳ እንደሆነባት ሁሉ አየችኝ። «በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አላስተማሩንም ልበል?»

ውሃ ሆንኩ። እኔ ለራሴ ያላፈርኩትን እሷ ስለ እኔ አፍራ ሸፍናልኛለች፤ ለሽፋኑም የራሷን ስም ሰጥታለች። እኔ ደግሞ በዚያ ላይ ምክር ደርቤበታለሁ።

ከዚያ ብዙ ተናገርኩ። ለሥነ ምግባር ኮሚቴው እንደምጽፍ፣ ለዲኑ ዛሬውኑ እንደምነግር፣ ለመጽሔት የማዘጋጀውን ጽሑፍ እንደምተወው፣ በጠዋቱ ስብሰባ ላይ ቆሜ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ እንደምናገር፣ በእኔ ጥፋት እሷ መልቀቅ እንደሌለባት። ይቅርታ እየጠየቅሁ ነው ብዬ አስብ ነበር፤ ለካ ገና ስለ ራሴ ነው የማወራው። እሷ እስክጨርስ በትዕግሥት ጠበቀችኝ።

«አስራ አምስቱስ?» አለች።

«የትኞቹ?»

«ቡድናችን። እኔን ሲስተር አሳይተውኛል፤ አሁን አውቀዋለሁ። ሌሎቹ ግን አያውቁም። ዛሬ ከሰዓት ሁለቱ ማዋለጃ ይገባሉ።»

ይህን ሁሉ ቀን ስሸማቀቅ፣ ፊልም ደጋግሜ ሳይ፣ ምን ይሉኝ ይሆን ብዬ ስብሰለሰል፣ እነዚያ አስራ አምስት ሰዎች አንድም ጊዜ በሐሳቤ አልመጡም። እፍረቴ እንኳ እኔን ብቻ ነበር የሚያየው። ባለቤቴ «እነዚያኞቹስ?» ያለችኝ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ከወንበሬ ተነሳሁ።

«ለክፍል ተጠሪያችሁ ደውይለት» አልኳት። «ቡድን ለ በሙሉ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ልምምድ ክፍል ይምጡ። ሌላ ቀጠሮ ያለው ሰርዞ ይምጣ በይው።»

«ቅጹስ?» አለች፤ ጠረጴዛው ላይ እያየች።

«አልፈርምም። ሌላ አስተማሪ ይፈርምልሽ ይሆናል፤ እኔ ግን አልፈርምም።»

ወረቀቱን አላነሳችውም። ስልኳን አውጥታ እየደወለች ወጣች።

ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉም መጡ። አንዳንዶቹ በእጃቸው ዳቦ ይዘዋል። አሻንጉሊቱን ጠረጴዛው ላይ አስተኝቼ፣ ካሜራውን ከግድግዳው ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ሁለተኛው ፈተና ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። አሁን ካስተማርኳቸው ጥናቱ አለቀለት፤ የሁለት ዓመት ሥራ ነው። ይህን ስል መስዋዕትነት እንዳይመስል፤ ከአስር ሳምንት በፊት ግማሽ ደቂቃ ብሰጥ ኖሮ የሚከፈል ነገር አልነበረም።

ነገርኳቸው። ለምን እንዳልተማሩ፣ ማን እንደወሰነ፣ ማክሰኞ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ የሆነው የማን ጥፋት እንደሆነ። አንዱ ማኘኩን አቆመ። አንዷ መርማሪዋን ዞር ብላ አየቻት፤ እሷ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ጫማዋን ታያለች። ከዚያ አሳየኋቸው፤ እርምጃ በእርምጃ፣ ለምን እንደሚደረግ እየተናገርኩ። ሆን ብዬ አንገቱን የማስተካከሉን ነገር ሳልናገር ቆምኩ። እነሱ እንዲጠይቁኝ ፈልጌ ነበር። እንድመልስ ዕድል እንዲሰጡኝ።

«ጥያቄ ያለው?» አልኩ።

ጠበቅሁ። አስራ ስድስት ሰው ክፍሉ ውስጥ ቆሞ አንድ እጅ አልተነሳም። ፊታቸውን አንድ በአንድ አየሁት፤ የተቆጡ አይመስሉም። ጥያቄ እንደማይመለስ ከእኔ ተምረዋል፤ ያንን ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ አሳይቻቸው አልረሱትም። አንዱ ሰዓቱን አየ። ወደ ማዋለጃ የሚገቡት ሁለቱ ቦርሳቸውን ትከሻቸው ላይ ማስተካከል ጀመሩ።

ከኋላ አንድ እጅ ተነሳ፤ ትንሽ ይንቀጠቀጣል።

«ዶክተር» አለች። «ስንጨምቅ ደረቱ ባይነሳስ?»

ከአስራ ስድስቱ መልሱን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። የታጠፈውን ጨርቅ አንስቼ፣ እጄን አሻንጉሊቱ ትከሻ ስር አስገብቼ፣ «ቀረብ በሉ» አልኩና መመለስ ጀመርኩ።